ከግርዛት በኋላ ያሉት ስድስት ሳምንታት

በኢትዮጵያ ከአሥር ወንዶች ዘጠኙ ያህል የተገረዙ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳም ያሳየው ይህንኑ ነው። እንዲህ ሆኖ ሳለ አንድ ጎልማሳ ሊገረዝ ሲያስብ የሚያማክረው ሰው ያጣል። በዙሪያው ያሉት ወንዶች የተገረዙት በስምንተኛው ቀን ወይም በልጅነታቸው ነውና ከሕመሙም ከአደራረቁም የሚያስታውሱት ነገር የለም። የሚያስታውስ ቢገኝ እንኳ የሚያውቀው የልጅ ግርዛት ነው። የልጅ ቁስል በሳምንት ገደማ ይደርቃል፤ ብዙውን ጊዜ ስፌት የለውም፤ ሌሊት እንደ አዋቂው እየተወጠረ እንቅልፍ አይነሳም። ስለዚህ "ምን አላት፣ በሦስት ቀን ትድናለህ" የሚለው ማጽናኛ ከቅን ልብ ቢመጣም ለአዋቂ አይሠራም።

ሐዋሳ ላይ በአዋቂነት መገረዝ እንግዳ ነገር አይደለም። በሲዳማ ባህል ግርዛት የሕፃን ጉዳይ አልነበረም፤ ሉዋ ከሚባለው የዕድሜ እርከን ሥርዓት ጋር ተያይዞ ወደ ሽምግልና የሚሸጋገር ሰው የሚያልፍበት ነበር። የተገረዘውም ሰው ወተትና ቅቤ እየቀረበለት፣ ከሥራ ርቆ ያርፍ ነበር። ዛሬ ያ ስለት ቀርቶ በማደንዘዣና በንጹሕ መሣሪያ የሚሠራ ቀዶ ሕክምና ተተክቷል፤ ትልቅ መሻሻል ነው። የሚያሳዝነው ዕረፍቱም አብሮ መቅረቱ ነው። ዓርብ ከሰዓት ተገርዞ ሰኞ ጠዋት ባጃጁን አስነስቶ ለመውጣት የሚያስብ ሰው ጥቂት አይደለም። ቀዶ ሕክምናው ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ማገገሙ ስድስት ሳምንት ይፈልጋል። የሚበላሸውም በአብዛኛው በእነዚህ ስድስት ሳምንታት ውስጥ ነው። ይህን ጽሑፍ የምጽፈውም ስለ ግማሽ ሰዓቱ የሚነግር ሰው ስለሞላ፣ ስለ ሳምንታቱ የሚነግር ግን ስለጠፋ ነው።

ቁስሉን ለመንከባከብ ምን እንደተሠራ ማወቅ ይጠቅማል። ሐኪሙ በብልቱ ሥር ዙሪያውን ሊዶኬይን የሚባል ማደንዘዣ ይወጋል። መርፌው ይቆጠቁጣል፤ ከዚያ በኋላ መነካቱ እንጂ ሕመሙ አይሰማም። ሸለፈቱ ሲቆረጥ ከብልቱ ራስ በስተኋላ ከግማሽ እስከ አንድ ሴንቲ ሜትር የሚሆን ስስ የውስጥ ቆዳ እንዲቀር ይደረጋል። የሚደሙት ሥሮች ይታሰራሉ ወይም ይተኮሳሉ፤ በመጨረሻም የውጩና የውስጡ ቆዳ በሚሟሟ ክር ይገጣጠማሉ። አራት ዋና ስፌቶች በላይ፣ በታች፣ በቀኝና በግራ ይገባሉ፤ በመካከላቸው ደግሞ ሁለት ሁለት ትንንሽ ስፌቶች ይጨመራሉ። የብልቱን ራስ በታች በኩል ከቆዳው ጋር የሚያያይዘው ቀጭን ሥጋ የራሱ የደም ሥር አለው። ብዙውን ጊዜ የሚደማው እሱ ነው፤ እብጠቱ መጨረሻ የሚጎድለውም፣ ዘግይቶ የሚድነውም እሱ ነው። ቁስልህን በየቀኑ ስታይ ላይ ላዩን ብቻ አይተህ አትርካ፤ መስታወት ይዘህም ቢሆን ያንን የታችኛውን ቦታ ተመልከት።

ከቀጠሮው በፊት የሚደረጉ ጥቂት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው የቴታነስ ክትባት ነው። በአገራችን የሕፃናት ክትባት ፕሮግራም የተጀመረው በ1972 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት የተወለደ ወይም በልጅነቱ ክትባት ያልደረሰው ወንድ አንድም ቀን የቴታነስ መርፌ ላይወጋ ይችላል። ሴቶች በእርግዝና ጊዜ ይከተባሉ፤ ወንዱን ግን የሚያስታውሰው የለም። ቢቻል ከቀዶ ሕክምናው በፊት በአራት ሳምንት ልዩነት ሁለት ጊዜ መከተብ ጥሩ ነው። ሁለተኛው የስኳር ምርመራ ነው። ልጅ ሳለ ምንም ችግር ሳይኖርበት በአዋቂነቱ ሸለፈቱ እየጠበበ፣ እየተሰነጠቀ የመጣበት ሰው ከመገረዙ በፊት ስኳሩን መለካት አለበት፤ ለዚያ ዓይነቱ መሰንጠቅ አንዱ መነሻ ሳይታወቅ የቆየ የስኳር ሕመም ነው። ስኳሩ ከፍ እንዳለ የተገረዘ ሰው ቁስሉ ይዘገያል፤ ለመመርቀዝም ይቀለዋል። አስፒሪን ወይም ሌላ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ፣ ወይም ጥርስህን ስትነቀል ደምህ አልቆም ብሎ የሚያውቅ ከሆነ ደግሞ ለሐኪሙ ሳትነግር አልጋው ላይ አትውጣ። በራስህ ውሳኔም መድኃኒትህን አታቋርጥ።

ቀኑ ሲደርስ ጠበቅ ብሎ የሚይዝ አዲስ ወይም በደንብ የታጠበ ሙታንታና ከላዩ ሰፋ ያለ ሱሪ ይዘህ ሂድ። ሙታንታው ብልቱን ወደ እምብርት አቅጣጫ ቀጥ አድርጎ የሚይዝ መሆን አለበት። ወደ ታች ከተንጠለጠለ ፈሳሽ እየወረደ ይጠራቀምበታል፤ እብጠቱም በእጥፍ ይብሳል። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከምነግርህ ሁሉ ትልቁ ይኸው ነው፤ ቀንም ሌሊትም ወደ ላይ ይሁን።

ሥራው ካለቀ በኋላ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት እዚያው ጋደም በል። ማደንዘዣው ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ውስጥ ይለቃል። ብዙ ሰው ሕመሙ እስኪመጣ ይጠብቅና ከመጣበት በኋላ ኪኒን ፍለጋ ይሮጣል። ከክሊኒኩ ሳትወጣ ፓራሲታሞል 1 ግራም፣ ማለትም ባለ 500 ሚሊ ግራሙን ሁለት ፍሬ ዋጥ። ከዚያ ለሁለትና ሦስት ቀን በየስድስት ወይም በየስምንት ሰዓቱ ትደግመዋለህ፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ግራም እንዳያልፍ። ሕመሙ ካየለ አይቡፕሮፌን 400 ሚሊ ግራም በየስምንት ሰዓቱ፣ ምግብ በልቶ መጨመር ይቻላል። ጨጓራ ወይም ኩላሊት የሚያምህ ከሆነ ግን አይቡፕሮፌኑም ዳይክሎፌናኩም ይቅሩብህ። ወደ ቤት ስትሄድ ሰው ይሸኝህ። ኮብልስቶን መንገድ ላይ ባጃጅ ስትሳፈር ሹፌሩን ቀስ እንዲል ለምነው፤ የመጀመሪያው ቀን ንቅናቄ ደም የሚያስነሳው በዚያ መንገድ ላይ ነው።

በመጀመሪያው ቀን ፋሻው ላይ የአንድ ብር ሳንቲም የሚያህል ደም ቢታይ አያስደነግጥም። እየሰፋ ከሄደ ወይም ከመንጠባጠብ አልፎ ከፈሰሰ ግን ንጹሕ ጎዝ ደርበህ፣ ዙሪያውን በእጅህ ይዘህ አሥር ደቂቃ ሙሉ ሳታቋርጥ ጫነው። በየደቂቃው እያነሱ ማየት የረጋውን ደም መልሶ ያስነሳዋል። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ካልቆመ ሌሊትም ቢሆን ወደ ጤና ተቋም ሂድ። ደም ወደ ውጭ ሳይፈስ ከቆዳው ሥር ሊጠራቀምም ይችላል፤ በአንድ ወገን የጠቆረና የጠነከረ እብጠት በሰዓታት ውስጥ እየተለቀ ከመጣ እስኪነጋ አይቆይም። ሌላው የመጀመሪያ ቀን ችግር ፋሻው መጥበቁ ነው። የብልቱ ራስ ቢጠቁር፣ ቢቀዘቅዝ ወይም ሽንት አልወጣ ካለ ፋሻው መላላት አለበት።

ፋሻው የሚፈታው ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው በችኮላ ራሱን ይጎዳል። የደረቀ ደም ጎዙን ከስፌቱ ጋር ያጣብቀዋል፤ ሲጎትቱት የሚላቀቀው ጎዙ ብቻ አይደለም። ግማሽ ሊትር ፈልቶ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው አሟሟ። በንጹሕ ኩባያ ቀድተህ፣ ሳህን ላይ ቁጢጥ ብለህ፣ ቀስ እያልክ ፋሻው ላይ አፍስስ። ከአሥር እስከ ሃያ ደቂቃ ይፈጃል። በመጀመሪያ የላይኛው ጎዝ ይለሰልሳል፤ ከዚያ ቫዝሊን የተቀባው የውስጠኛው ጨርቅ ጠርዙ መነሳት ይጀምራል። የሚነሳውን ብቻ አንሳ፤ የያዘው ካለ ውሃውን ድገም። የመጨረሻዋ ክር ብዙውን ጊዜ በታችኛው ስፌት ላይ ትጣበቃለች፤ ለእሷ ሌላ አምስት ደቂቃ መስጠት ነው። ሲያልቅ ጠብታ ደም ብትታይ ጎዝ ይዘህ ጫን አድርገህ አቆማት።

ከዚያ ወዲህ መታጠብ ይቻላል። በቀን ሁለት ጊዜ ንጹሕ ውሃ በላዩ አፍስሶ፣ ሳይፈገፍጉ በጎዝ መታ መታ እያደረጉ ማድረቅ ይበቃል። ሳሙናው ለሌላው ገላ ነው፤ አረፋው ወርዶ ቢነካው ግን ጉዳት የለውም። ቧንቧ በሚቋረጥበት ቀን ከበርሜል የተቀዳ ውሃ አፍልቶ ማቀዝቀዝ ግድ ነው። ጨርቁ የብልቱን ራስ እየነካ የሚያቃጥል ከሆነ ንጹሕ ጎዝ ላይ ትንሽ ቫዝሊን ቀብቶ መሸፈን ያስታግሣል። ይህ መቆጥቆጥ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ እየለመደ ይሄዳል። ቤት ውስጥ ስትሆን ከሙታንታው በላይ ሽርጥ ማገልደም ከሱሪ ይሻላል።

አሁን ወደ ሌሊቱ እንምጣ፤ ብዙዎችን ያለማስጠንቀቂያ የሚያገኛቸው እሱ ነው። ጤነኛ ወንድ በእንቅልፍ ውስጥ በአንድ ሌሊት ከሦስት እስከ አምስት ጊዜ ብልቱ ይቆማል። ከሐሳብም ከሕልምም ጋር የግድ አይገናኝም፤ የእንቅልፍ ዑደቱ አካል ነው፤ በፈቃድም አይከለከልም። ስፌቱ ያለበት ቆዳ ሲወጠር ሰውዬው ከእንቅልፉ በሕመም ይባንናል። "ተቀደደ" ብሎም ይደነግጣል። ብዙውን ጊዜ አልተቀደደም፤ ሐኪሙ ሲሰፋ ይህ እንደሚመጣ ያውቃል፤ ለመወጠር የሚበቃ ቆዳ ያስቀራል። የሚከብዱት ከመጀመሪያው እስከ አሥረኛው ሌሊት ያሉት ናቸው፤ የስፌቱ ቀዳዳዎች ትኩስ፣ ቆዳውም በእብጠት የተሞላ ስለሆነ።

ማስቀረት ባይቻል ማቅለል ይቻላል። ከመተኛት ሁለት ሰዓት በፊት ውሃም ሻይም ቀንስ፤ ልትተኛ ስትል ፊኛህን ባዶ አድርግ፤ የሞላ ፊኛ ያባብሰዋል። የማታውን የሕመም ማስታገሻ ለመኝታ ሰዓት አቆየው። በጎን ተኝተህ ጉልበትህን ወደ ሆድህ ሰብሰብ አድርግ፤ በሆድ መተኛት ክልክል ነው። ስትነቃ አልጋ ላይ ሆነህ ከመታገል ተነስተህ በባዶ እግርህ ሊሾው ላይ ተራመድ፤ ሽንትህን ሽና፤ እግርህን በቀዝቃዛ ውሃ ተለቅለቅ። ደም ወደ እግር ጡንቻ ሲሄድ ውጥረቱ በጥቂት ደቂቃ ይበርዳል። በፎጣ የተጠቀለለ ቀዝቃዛ ነገር ብሽሽት ላይ አሥር ደቂቃ ማድረግም ይረዳል፤ በረዶን በቀጥታ ቁስሉ ላይ ማድረግ ግን ቆዳውን ይጎዳል። ስሜት የሚያነሳሳ ቪዲዮ በእነዚህ ሳምንታት አይታይም። "ያስተኛል" ተብሎ ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ ማስታገሻን ያለ ሐኪም ትእዛዝ መዋጥ ደግሞ ከሕመሙ የባሰ ችግር ይዞ ይመጣል። ሚስት ካለች እስኪሻል ድረስ ለየብቻ መተኛት ለሁለቱም ዕረፍት ነው። ሲገረዝ ያልነገራት ሰው ይህን ሊያስረዳት አይችልምና አስቀድሞ ይንገራት፤ ስድስቱን ሳምንት ለብቻው መሸከም አይገባውም።

ቁስሉን ማንበብ ራሱን የቻለ ዕውቀት ነው። እብጠቱ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ይከፋል። ከስፌቱ ፊት ያለው ስስ ቆዳ እንደ ቀለበት ያብጣል፤ ዙሪያውም ወይን ጠጅ መስሎ ቆይቶ ወደ ቢጫ ይለወጣል። ይህ የሚጠበቅ ነው። ከአራተኛው ቀን ገደማ ጀምሮ በብልቱ ራስና በስፌቱ ላይ ቢጫማ ስስ ሽፋን ይወጣል። እዚህ ላይ ነው "መገለ" እየተባለ የሚፈገፈገው። መግል አይደለም፤ ሰውነት ቁስሉን ለመሸፈን የሚያመነጨው ፋይብሪን የሚባል ነገር ነው። ሽታ የለውም፣ በውሃ አይታጠብም፣ በሁለት ሳምንት ገደማ ራሱ ይለቃል። ቢፋቅ ከሥሩ ያለውን አዲስ ቆዳ ይዞ ይመጣል። መግል ወፍራም ነው፣ ይሸታል፣ ሲጠርጉት እንደገና ይመጣል።

ሌሎቹ የመመርቀዝ ምልክቶች በአብዛኛው ከሦስተኛው ቀን በኋላ ይመጣሉ፤ ወደ ብልቱ ግንድ ወይም ወደ ሆድ የሚስፋፋ ቅላትና ትኩሳት፣ እየጨመረ የሚሄድ ሕመም፣ ከ38 ዲግሪ ያለፈ የሰውነት ሙቀት። የሚያምታታ ነገር ሲያጋጥም እኔ የምተማመንበት ጥያቄ አንድ ነው፤ ዛሬ ከትናንት ይሻላል ወይስ ይብሳል? የሚድን ቁስል በየቀኑ በጥቂቱ ይሻላል። ለማነጻጸር እንዲያመች ጠዋት ጠዋት በአንድ ዓይነት ብርሃን በስልክ ፎቶ ማንሳት ጠቃሚ ነው፤ ነርሷም ጋ ስትሄድ ታሳያታለህ። መንጋጋ መያዝ፣ አፍን ለመክፈት መቸገር፣ የአንገት መገተር ከታየ የቴታነስ ምልክት ነውና አንድ ሰዓት እንኳ አይጠበቅም።

በአሥረኛው ቀን ገደማ ስፌቱን ቀረብ ብለህ ብታየው ክሩ ደርቆ ጠቁሮ፣ ቅርፊት የያዘ ቋጠሮ ሆኖ ታገኘዋለህ። አንዳንዱ ቋጠሮ ልቅ ሆኖ በቆዳው ላይ ይንጠለጠላል፤ ከሙታንታ ውስጥ የወደቀ ቁራጭ ክርም ይገኛል። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ሳምንት ክሩ እንዲህ እየሟሟ ያልቃል። የተንጠለጠለውን መጎተት ግን አይገባም፤ ሌላው ጫፉ ገና ሥጋ ውስጥ ነው። በአንድ ቦታ ላይ ቆዳው ትንሽ ከተከፈተ፣ ደምና መግል ከሌለው፣ ብዙውን ጊዜ ከሥር እየሞላ ራሱ ይገጥማል። ጊዜ ይወስዳል፣ ጠባሳውም ትንሽ ይሰፋል፤ ለነርሷ አሳያት እንጂ በፕላስተር አጥብቀህ አትግጠመው። ሰፊ ከሆነ ሐኪሙ ይወስናል።

ቁስሉ ላይ ስለሚደረጉ ነገሮች ሳልናገር ማለፍ አልችልም። የቡና ዱቄት፣ ፌጦ፣ ዳማከሴ፣ አመድ፣ ማር፣ ቅቤ፤ ሁሉንም እናትና አክስት በፍቅር ነው የሚያመጡት። የቡናው ዱቄት ደም ያቆመ ይመስላል፤ የሚሠራው ግን ቁስሉን በባዕድ ነገር መሙላት ነው። በአመድና በአፈር በኩል የቴታነስ ዘር ይገባል። ከመድኃኒት ቤት የሚመጣውም ስህተት አይቀልም። አልኮልና አረፋ የሚያወጣው ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ተህዋሲያንን ሲገድሉ አዲስ የሚበቅለውንም ቆዳ ይገድላሉ። ጂቪ የሚባለው ሐምራዊ መድኃኒት ቀለሙ ቅላቱን ስለሚሸፍን ሐኪሙ ማየት ያለበትን ይደብቃል። ከሁሉም የሚያሳስበኝ ግን የአሞክሳሲሊንን ወይም የአምፒሲሊንን ካፕሱል ከፍቶ ዱቄቱን ቁስል ላይ መነስነስ ነው። ዱቄቱ ከፈሳሹ ጋር ተጋግሮ ቅርፊት ይሠራል፤ ከሥሩ የሚመጣው አይታይም። በንጹሕ ቦታ ለተሠራ ግርዛት ፀረ ተህዋስያን መድኃኒት ለሁሉም ሰው የሚታዘዝ ነገር አይደለም፤ ሲያስፈልግም በአፍ፣ በልኩ፣ እስከ መጨረሻው ነው የሚወሰደው። ቅቤውን በተመለከተ እናትን ሳያስቀይሙ መፍትሔ አለ፤ ገንፎው ላይ ይሁን።

ምግብ ቁስል ይሠራል። ቆጮ ኃይል ይሰጣል እንጂ ፕሮቲኑ እጅግ ጥቂት ነው፤ አዲስ ቆዳ የሚሠራው ደግሞ ከፕሮቲን ነው። ሐዋሳ ውስጥ ለዚህ ሰበብ የለም። ቆሮሶውም አምባዛውም ከሐይቁ ይወጣል፤ ዓሣ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ በጾም ጊዜም ሽሮና ምስር በየቀኑ ይኑር። አትክልትና ፍራፍሬ ለሆድ ድርቀትም ይጠቅማል፤ ሽንት ቤት ተቀምጦ ማማጥ ቁስሉን ይወጥራል። ቀን ቀን ውሃ በብዛት መጠጣት ሽንቱን ያቀጥነዋል፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሽንቱ ቁስሉን እየነካ ሲያቃጥል ይህ ያግዛል። በእነዚያው ቀናት ሽንቱ ተበትኖ ወይም ወደ ጎን ሊወጣ ስለሚችል ተቀምጦ መሽናት ይቀላል። ሲጋራና ጫት የደም ሥር ያጠባሉ፤ ወደ ቁስሉ የሚሄደው ደም ያንሳል፤ ጫቱ እንቅልፍንም ይነሳል። መጠጥ ደግሞ ደምን ብቻ ሳይሆን ውሳኔንም ያላላል።

ሥራን በተመለከተ ቢሮ የሚውል ሰው ከሁለትና ሦስት ቀን በኋላ መግባት ይችላል። ቀኑን ሙሉ ቆሞ ለሚሠራ የፋብሪካ ሠራተኛ አንድ ሳምንት፣ ለባጃጅ ሹፌር ከአሥር ቀን እስከ ሁለት ሳምንት፣ ዕቃ ለሚሸከም ቢያንስ ሁለት ሳምንት ያስፈልገዋል። ሐዋሳ የብስክሌት ከተማ ናት፤ ለተገረዘ ሰው ግን ኮርቻው ስድስት ሳምንት ይቆይለት፤ እግር ኳሱም እንደዚሁ። ሐይቅ ውስጥ መዋኘት ቁስሉ ፈጽሞ ሳይዘጋ አይታሰብም። ቋሚ ቅጥር ያለው ሰው በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በሐኪም ማስረጃ እስከ አንድ ወር ድረስ ሙሉ ደመወዝ የሚከፈልበት የሕመም ፈቃድ አለው። ወረቀቱ ላይ "ቀላል ቀዶ ሕክምና" ተብሎ እንዲጻፍ ሐኪሙን መጠየቅ ይቻላል፤ አለቃው ዝርዝሩን ማወቅ የለበትም።

አደገኛው ጊዜ ሦስተኛው ሳምንት ነው። ሕመሙ ጠፍቷል፣ ክሩ ወድቋል፣ ስፌቱ የተዘጋ ይመስላል። ሰውዬው "ድኛለሁ" ይላል፤ ሲያዩትም የዳነ ይመስላል። ቁስሉ ግን ላዩ ደርቆ ሥሩ ገና እርጥብ እንደሆነ የጭቃ ግድግዳ ነው። ከቆዳው በታች ያለው አዲስ ሥጋ በሦስተኛው ሳምንት ከጤነኛ ቆዳ ጥንካሬ አንድ አምስተኛውን ወይም ጥቂት በለጥ ያለውን ብቻ ነው የያዘው። ግንኙነት ሲደረግ፣ በራስ እጅም ቢሆን፣ በዓይን የማይታዩ ስንጥቆች ይፈጠራሉ።

ጉዳዩ ከስፌት መላቀቅ ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2007 ውጤታቸው የታተመ ሦስት ትልልቅ ጥናቶች፣ በደቡብ አፍሪካ ኦሬንጅ ፋርም፣ በኬንያ ኪሱሙና በኡጋንዳ ራካይ፣ ግርዛት ወንድ ከሴት ኤች አይ ቪ የመያዝ ዕድሉን ወደ 60 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ አሳዩ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ምክረ ሐሳቡን ያወጣው በዚሁ መነሻ ነው፤ በኢትዮጵያም ፕሮግራሙ ያተኮረው በጋምቤላ ነው። ይህ ጥቅም የሚገኘው ግን ቁስሉ ከዳነ በኋላ ነው። ያልዳነ ቁስል የተከፈተ በር ነው፤ ለመያዝም ለማስተላለፍም። በራካይ ቫይረሱ በደማቸው ባለ ወንዶች ላይ በተደረገ ሌላ ጥናት፣ ሳይድኑ ግንኙነት የጀመሩት ወንዶች ባለቤቶች በቫይረሱ የመያዝ አዝማሚያቸው ከፍ ብሎ ታይቷል። የባሏን ቁስል ጉዳይ ሚስት ማወቅ ያለባት ለዚህም ነው። ከዳነ በኋላም ቢሆን 60 በመቶ መቶ አይደለም፤ ኮንዶም የሚያስፈልግበት ሁኔታ ሁሉ ከግርዛቱ በኋላም ያስፈልጋል።

በእነዚያ ፕሮግራሞች ተገራዡ በ48 ሰዓት፣ በሰባተኛው ቀንና በስድስተኛው ሳምንት ተመልሶ ይታያል። ሐዋሳ ላይ በግል ክሊኒክ ከፍሎ የሚገረዝ ሰውም ሦስቱን ቀጠሮዎች አስቀድሞ ይጠይቅ፤ ዋጋው ውስጥ መካተታቸውን ገንዘብ ሳይከፍል ያረጋግጥ፤ ማታና በበዓል ቀን ደም ቢመጣ የሚደወልበትን ስልክም ይያዝ። በሰባተኛው ቀን "ደህና ነኝ" ብሎ የሚቀር ብዙ ነው። ነርሷ ግን የምታየው እሱ የማያየውን የታችኛውን ስፌት ነው።

በስድስተኛው ሳምንት የሚታየው ይህ ነው። የስፌቱ መስመር ዙሪያውን ደረቅ መሆን አለበት፤ ቅርፊት፣ እርጥበት፣ ቀይ ነጥብ የለበትም። ቆዳውን በሁለት ጣት ይዞ ወደ ሥር ሳብ ሲያደርጉት መሳቡ እንጂ ሕመም አይሰማም። ብልቱ ሲቆም መስመሩ አይነጣም፣ አይሰነጠቅም። በታች በኩል ትንሽ ጠንከር ያለ እብጠት ቢቀር ለወራት እየለሰለሰ ይሄዳል፤ የጠባሳው ቀለምም እስከ ዓመት ድረስ ይለወጣል። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ሁለት ሳምንት ጨምሮ እንደገና መታየት ነው፤ የስኳር ሕመም ባለበት ሰው ይህ ይበልጥ ያጋጥማል። ሁሉም ከተሟላ የመጀመሪያው ግንኙነት በዝግታና በኮንዶም ይሁን፤ ማለስለሻ ካስፈለገ ውሃ መሠረት ያደረገው ይመረጣል፤ ቫዝሊንና ዘይት የላቴክስ ኮንዶምን አዳክመው እንዲቀደድ ያደርጋሉ። በማግስቱ መስመሩን በብርሃን ተመልከት፤ የተሰነጠቀ ነገር ካለ ሁለት ሳምንት አቁመህ ለነርሷ አሳያት።